ሐኪም የሌለበት ሐኪም ቤት
ከገዳሪፍ እስከ መተማ፦ የሐኪሙ፣ የጥርስ ሐኪሙና የነርሷ ደመወዝ
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ጤና አንድ ነገር ንገሪን» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እንደ ልማዴ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ እንደምናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እሱን በየዓመቱ ስለምንነጋገርበት ለዛሬ ይለፈን። ዛሬ የምናገረው ብዙ ጊዜ በአደባባይ ስለማይነሣ ነገር ነው፤ ይኸውም በድንበሩ ወዲያና ወዲህ በመንግሥት ሐኪም ቤት የሚሠራው ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪምና ነርስ በወር ስንት ያገኛል፣ መቼስ ያገኛል የሚለው ጉዳይ ነው።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። ከምሳ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው በኢዮቤልዩው ገቢ ላይ ይወስናል። ገንዘቡ አብዛኞቻችን ባለፍንበት በድንበሩ አካባቢ ላሉ ሐኪም ቤቶች እንዲውል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ሆኖም የታደለን ዝርዝር ላይ አልጋ አለ፣ አልትራሳውንድ አለ፣ የጥርስ ሕክምና ወንበር አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ። ሰው ግን የለም። ሐኪም ቤት ሐኪሙ ከወጣበት የሚቀረው ቤት ብቻ ነውና፣ ከመወሰናችን በፊት ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ዓመቶቹን ለመግባባት እንዲያመቸን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሀገሩና በሽታው

እዚህ ለተወለዳችሁ ልጆቻችን በአጭሩ ላስታውስ። ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን፣ ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሰሊጥና የማሽላ ከተማ ናት። ከዚያ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርዱ ጋላባት ይደረሳል፤ ከጋላባት ማዶ መተማ ናት። ወደ ሰሜን ደግሞ ተከዜ ወደ ሱዳን በሚገባበት በኩል ሐምዳይት አለች፤ ወዲህ ማዶ ሑመራ። መንግሥታት ድንበር ብለው ያሰመሩበት ይህ ሀገር በመሬቱም፣ በሰብሉም፣ በበሽታውም አንድ ነው።

በሽታው ካላዛር ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው አፈር ስንጥቅና በግራሩ ሥር ይኖራል። ሰሊጥ ሊያርም፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋው የወረደ የቀን ሠራተኛ ሌሊት ሜዳ ላይ ሲተኛ ይነድፈዋል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል። ካልታከመ መጨረሻው ሞት ነው። የገዳሪፍ ግዛት ይህ በሽታ ከሚበዛባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በእኛ በኩልም መተማ፣ አብደራፊና ሑመራ እንዲሁ ናቸው።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ያጸደቀው የካላዛር ሕክምና ሁለት መድኃኒቶች በየቀኑ ለ17 ቀናት የሚወጉበት ነው። ለአንድ በሽተኛ በትንሹ 34 መርፌ ማለት ነው። ቀደም ሲል በአንዱ መድኃኒት ብቻ ሲታከም 30 ቀናት ይፈጅ ነበር። መድኃኒቱን በነፃ የሚሰጡ አሉ። 34ቱን መርፌ ግን የሚወጋ፣ ልቡንና ኩላሊቱን የሚከታተል፣ ሌሊት ደሙ ሲፈስ የሚነሣ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በዘጠነኛው ቀን «ደመወዝ ካልተከፈለኝ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ልጆቼን ምን ላብላ» ብሎ ከሄደ፣ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ በሽተኛው ይሞታል። ስለ ደመወዝ መነጋገር ስለ ሕክምና መነጋገር ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሦስት ዓይነት ክፍያ በአንድ ጎጆ

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከኤርትራም የተሰደደ ሕዝብ በገዳሪፍ ዙሪያ ሰፈረ። ተዋዋን፣ ኡም ራኩባን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ጥቂት ነው። ከተሰደደው ሕዝብ መሐል የተማረ የጤና ባለሙያ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ በየጤና ጣቢያው አሰማርቶ ነበርና፣ ዘመኑ ሲከፋ ከእነዚሁ ብዙዎቹ ያንኑ የስደት መንገድ ያዙ።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በረሃቡ ምክንያት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲጎርፍ፣ በየመጠለያው በሽተኛውን በቋንቋው ያነጋገሩት፣ የኩፍኝ ክትባት የወጉት፣ ለሕፃናት የጨውና የስኳር ውኃ የበጠበጡት አብዛኞቹ ራሳቸው ስደተኞች ነበሩ። እኔም በዚያን ጊዜ በአንድ መጠለያ ክሊኒክ ሠርቻለሁ፤ ማን ያስተዳድረው እንደነበር መናገሩ ዛሬ አይጠቅምም። አሠራሩ ግን በሁሉም ዘንድ ያው ስለነበር ልግለጸው።

በአንዲት የሣር ጎጆ ውስጥ ሦስት ዓይነት ክፍያ ነበር። አንደኛው የሱዳን መንግሥት ሠራተኛ የሆነው የሕክምና ረዳት ደመወዝ ነው። ትንሽ ነበር፣ ደግሞም ይዘገያል። ሁለተኛው በግብረ ሰናይ ድርጅት የተቀጠረው ነው፤ እሱ ከመንግሥቱ ሠራተኛ ብዙ እጥፍ ያገኛል። ሦስተኛው የእኛ የስደተኞቹ ነው። የእኛ ደመወዝ እንኳ አይባልም፤ «ኢንሴንቲቭ» ይባላል፣ የማበረታቻ አበል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሱዳን የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይቀጠር ስለሚያዝ፣ ድርጅቶቹ በጋራ በተስማሙበት ልክ ሳንቲም ይሰጡናል እንጂ አይቀጥሩንም። የጡረታ መዋጮ የለም፣ የሕመም ፈቃድ የለም፣ የምስክር ወረቀትም በልመና ነው።

ታዲያ ሥራው አንድ ነበር። ያው መርፌ፣ ያው ሌሊት፣ ያው ትኩሳት። ውጤቱን ልንገራችሁ። በጣም ጎበዝ የነበረ አንድ ድሬሰር ክሊኒኩን ትቶ አስተርጓሚ ሆነ፤ አስተርጓሚ ቁስል ከሚያጥበው የበለጠ ይከፈለው ነበርና። ሱዳናዊው የሕክምና ረዳትም ጠዋት መንግሥት ቤት ፈርሞ ከሰዓት የራሱን መድኃኒት ቤት ይከፍት ጀመር። ሁለቱንም ክፉ ሰው ልላቸው አልችልም። ሁለቱም የቤት አባወራዎች ነበሩ። ክፍያው እንዲህ ተሠርቶ ሲቀመጥ ሰውም ወደ ተከፈለበት ይሄዳል።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ከ60,000 የሚበልጥ ሕዝብ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን ገባ። ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፣ ቱነይድባም በ2021 መጀመሪያ ተጨመረ። የሑመራው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ቴዎድሮስ ተፈራ ራሱ ስደተኛ ሆኖ ሐምዳይት ላይ ቁስለኛ ሲያክም በዓለም ዜና አይተነዋል። በየመጠለያው ያሉ ስደተኛ ነርሶችም እንደ እኛ ዘመን በማበረታቻ አበል ነው የሠሩት። ወዲህ ማዶ የቀሩት ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው የደረሰባቸው። ባንክ በተዘጋበት በዚያ ዘመን የመቀሌው የዓይደር ሪፈራል ሆስፒታል ሠራተኞች ለብዙ ወራት ያለ ምንም ደመወዝ በሽተኛ ሲያዩ ከርመዋል።

ሱዳኖች ያዩት

ሱዳናውያን ሐኪሞች ስለ ደመወዝ መጠየቅ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ክፍያቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው አድማ መቱ፤ የታሰሩም ነበሩ። በ2016 ደግሞ መድኃኒት ጠፋ፣ በየድንገተኛ ክፍሉ እንደበደባለን ብለው እንደገና ሥራ አቆሙ። ሐኪሞቹ ያሉበት የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ወደ ፓርላማው ሰልፍ ጠርቶ ነበር። የሰልፉ ጥያቄ መጀመሪያ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ዝቅተኛው ደመወዝ ይሻሻል የሚል ነበር። ዳቦ ተወዶ ሕዝቡ አስቀድሞ አደባባይ ወጣና ጥያቄው ወደ «መንግሥት ይውረድ» ተለወጠ። ገዳሪፍ መጀመሪያ ከተነሡት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ በዚያው ወር በ20ኛው ቀን እዚያ ሰዎች ሞተዋል። በሚያዝያ 2019 አል በሽር ወረዱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ደመወዝ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተደረገው ጭማሪ በአማካይ ከ500 በመቶ በላይ ነበር። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያስደስታል። በሐምሌ 2021 ግን የዋጋ ንረቱ ከዓመት በፊት ከነበረው ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። ጭማሪውን ገበያው በላው። ደመወዝ በቁጥሩ ብዛት አይለካም፤ በወሩ መጨረሻ ስንት ኪሎ ዱቄት ይገዛል ተብሎ ነው የሚለካው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ፈነዳ። ከካርቱም፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከዋድ መደኒ፣ በ2024 ክረምት ከሲንጃ የሸሸው ሕዝብ ብዙው ገዳሪፍ ገባ። መስከረም 26 ቀን 2023 የሱዳን ጤና ሚኒስቴር ኮሌራ መግባቱን ያስታወቀው በገዳሪፍ ነው። በዚያን ጊዜ በመላ ሱዳን የጤና ሠራተኛው ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኝ ይሠራ ነበር። በሽተኛው በእጥፍ ሲጨምር ደመወዙ ቆመ። ብዙ ቦታ ሐኪም ቤቶች ሳይዘጉ የቆዩት የውጭ ድርጅቶች ለመንግሥት ሠራተኞች አበል ስለከፈሉ ነው። ድርጅቱ ሲወጣ አበሉም ይወጣል፤ ሠራተኛውም ይከተለዋል።

ስለ ሱዳን ከማለፌ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። በኦምዱርማን እ.ኤ.አ. በ1921 የአዋላጆች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ከዚያ የወጡት የመንደር አዋላጆች ስንት እናት አድነዋል! ይሁንና ብዙዎቹ ለረጅም ዘመን በመንግሥት የደመወዝ መዝገብ ላይ አልነበሩም። የወላዷ ቤተሰብ የሰጣቸውን ተቀብለው ነው የኖሩት። ወላዷ ድኻ ከሆነች አዋላጇም ድኻ ናት።

የእኛው ወገን

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። መጀመሪያ ደግ የሆነውን ልናገር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር አንድ ትልቅ ውሳኔ ወስናለች። በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥና በበጎ ፈቃድ ሥሩ አላለቻቸውም፤ የመንግሥት ደመወዝተኛ አደረገቻቸው። ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን ደመወዝ ነው፣ በየወሩ ይጠበቃል። ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት ከ1990 ጋር ሲነጻጸር በሁለት ሦስተኛ ቀንሳለች ተብሎ በ2013 ሲነገር፣ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የእነዚህ ልጆች ሥራ ነው። እንግዲህ ለሰው ከተከፈለ ውጤት አለ ማለት ነው።

የሐኪሙና የነርሷ ነገር ግን እንዲያ አልሄደም። ከ2010 በኋላ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ ተማሪው በዛ። ይህም በራሱ መልካም ነበር። ሆኖም ለማሠልጠን የተመደበውን ያህል ለመቅጠርና ለማቆየት አልተመደበም። ስለዚህ ስድስትና ሰባት ዓመት የተማረ ልጅ ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ አየን፤ የተቀጠረው ደግሞ የተረኝነት ክፍያው ወራት ሲዘገይበት አየን። በ2019 ሐኪሞች ጥያቄያቸውን እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቀረቡ፤ አደባባይም ወጡ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። የሐኪሙ ደመወዝ በዶላር ሲሰላ በወር ከ100 ዶላር በታች ወረደ። በዚህ አዳራሽ ያለን ብዙዎቻችን ለአንድ እራት ግብዣ ከዚያ በላይ ከፍለን እናውቃለን። በ2025 ጸደይ የጤና ባለሙያዎች ጥያቄዎቻቸውን ዘርዝረው 30 ቀን ጊዜ ሰጡ። ደመወዝ፣ የተረኝነትና የተጋላጭነት ክፍያ፣ ለራሳቸው ሕክምና ማግኘት ከጥያቄዎቹ ዋናዎቹ ነበሩ። አዎን፣ በሽተኛ የሚያክመው ነርስ ራሱ ሲታመም መታከሚያ ያጣል። ቀኑ ሲያልቅ ግንቦት 19 ቀን 2025 አድማው ተጀመረ። መንግሥት ሕገ ወጥ ነው አለ፤ በርካታ ባለሙያዎችም ታሰሩ።

በዚያው ዓመት መስከረም ለመንግሥት ሠራተኞች በሙሉ የደመወዝ ማሻሻያ ተደረገ። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር ሰው መነሻው ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ማሻሻያ ነው፤ አይካድም። በጊዜው ምንዛሪ ግን 80 ዶላር ገደማ ነው።

ወደ መተማ ስንመጣ ደግሞ ታሪኩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ትናንት እኛ ወደ ገዳሪፍ እንደሸሸን፣ ከ2023 ጀምሮ ሱዳናውያን በጋላባት በኩል ወደ እኛ መጡ። ኩመርና አውላላ በሚባሉ መጠለያዎች ሰፈሩ። ኮሌራም ተከተላቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ በአማራ ክልል ጦርነቱ ተባባሰና መንገድ ተዘጋ። ስለዚህ በትንሽ ደመወዝ የሚኖር ነርስ የራሱን ወገን ቁስለኛ፣ የካላዛር በሽተኛውንና ስደተኛውን ሱዳናዊ በአንድ ላይ እንዲያክም ተጠየቀ። ከስደተኞቹም መሐል ሐኪምና ነርስ አለ። ኢትዮጵያ በ2019 ባወጣችው የስደተኞች አዋጅ ለስደተኛ የመሥራት መብት ሰጥታለች። መብቱ በወረቀት ከመኖሩና ነርሷ ፈቃድ አግኝታ ከመቀጠሯ መሐል ያለውን መንገድ ግን እኛ በገዳሪፍ ዘመናችን እናውቀዋለን።

ሀብታሙም ሀገር አልቀረለትም

«ይህ የድኻ ሀገር ችግር ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እንግሊዝን ተመልከቱ። ለሐኪሞችና ለጥርስ ሐኪሞች ክፍያ በየዓመቱ ሐሳብ የሚያቀርብ ገለልተኛ አካል ከ1971 ጀምሮ አላቸው፤ ለነርሶችም በ1983 ተቋቁሟል። እንዲያም ሆኖ ገበያውና ክፍያው ሲራራቁ፣ በታኅሣሥ 2022 የነርሶቹ ኮሌጅ ከ100 ዓመት በላይ በሆነው ታሪኩ የመጀመሪያውን ሀገር አቀፍ አድማ መታ። የጥርስ ሕክምናውማ በ2006 በወጣው የክፍያ ውል የተነሣ ብዙ ሐኪሞች ወደ ግል ስለዞሩ፣ በመንግሥቱ ዋጋ ጥርሱን የሚነቅልለት ያጣ ሕዝብ አለ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክፍያ በየዓመቱ በግልጽ የሚታይበት ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ሰው እስኪያምጽ መጠበቅ የለበትም። ሁለተኛ፣ እዚያ ያመፀችው ነርስ በማግሥቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች እንጂ ወደ እስር ቤት አልተወሰደችም።

ሀብታሙ ሀገር የራሱን ነርስ ሲያጣ ደግሞ የድኻውን ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ይህን የሚመለከት የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል፤ ባለሙያዎቻቸው በብዛት እንዳይወሰዱ ጥበቃ ይደረግላቸው ብሎ በ2023 ከዘረዘራቸው 55 ሀገሮች ውስጥ ኢትዮጵያም ሱዳንም አሉበት። ልጁን ግን በደንብ አናቆየውም። የሚያቆየው በሠራበት መኖር ከቻለ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የሚነሡትን ጥያቄዎች አስቀድሜ ላንሣቸው።

«ደመወዝ መክፈል የመንግሥት ሥራ ነው» ይባላል። እውነት ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊያውሉ ቃል ገብተዋል፤ ይህን ቃል ልናስታውሳቸው ይገባል። ነገር ግን አልጋ መግዛትም የመንግሥት ሥራ ነበር። አልጋውን ከገዛን አልጋው አጠገብ የምትቆመውን ለምን እንረሳታለን?

«ገንዘቡ ያልቃል፤ ሲያልቅስ?» ይባላል። ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው። በገዳሪፍ ያየነው ጉዳትም ይኸው ነው። መሣሪያም ግን ያልቃል። የጥርስ ሕክምና ወንበር እንልካለን፤ የጥርስ ሐኪሙ በመንግሥት ደመወዝ መኖር አቅቶት ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል፤ ወንበሩ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ወንበሩ ሃያ ዓመት ቢቆይም ያገለገለው ስድስት ወር ነው።

«ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል?» ይባላል። ለዚህ መልሱ የተከፋዩ ዝርዝር በሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ ነው። ማን ስንት እንዳገኘ ባልደረባው ካየው የሚጠፋው ያንሳል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ከኢዮቤልዩው ገቢ ቢያንስ ሦስተኛው እጅ ለሰው ይመደብ፤ ይኸውም ለሌሊት ተረኞች አበልና በየወረዳው ለተመደቡ ነርሶች የቤት ኪራይ ድጎማ ይሁን። በተለይ የካላዛር ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል የሚሠሩት ይቅደሙ።

2ኛ. ክፍያው መጠኑ አነስተኛ ሆኖ ቀኑን የጠበቀ ይሁን። የማይዘገይ ትንሽ አበል ከሚዘገይ ትልቅ ደመወዝ ይልቅ ሰውን ያቆያል። ሁለት ዓመት ከሆነ ሁለት ዓመት ተብሎ ከመጀመሪያው ይነገር፤ ማንም ባልተነገረው ነገር ላይ ኑሮውን እንዳይመሠርት።

3ኛ. በአንድ ክፍል ውስጥ ላሉ፣ አንድ ሥራ ለሚሠሩ ሁሉ እኩል ይሁን። ሀገሬው ነህ ስደተኛ ነህ አይባል። ሦስት ዓይነት ክፍያ በአንድ ጎጆ ውስጥ ምን እንደሚያመጣ አይተናል። ከመንግሥት ሐኪም ቤት ሠራተኛ ነጥቀን ለፕሮጀክት አንቅጠር።

4ኛ. እዚህ ሀገር አዲስ የመጡ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ኢትዮጵያዊም ሆኑ ሱዳናውያን፣ የሙያ ፈቃዳቸውን እስኪያወጡ የሚረዳ ንዑስ ኮሚቴ እናቋቁም። በገዳሪፍ የምስክር ወረቀት የለመንን ሰዎች ለሌላው ወረቀቱን ማሳጠር አለብን።

5ኛ. ማኅበራችን የፖለቲካ ማኅበር አይደለም፤ እንዲሆንም አልሻም። ነገር ግን ደመወዝ በመጠየቁ ማንም የጤና ሠራተኛ መታሰር የለበትም ብሎ በማኅበሩ ማኅተም መጻፍ ፖለቲካ አይደለም። የሥራ ጉዳይ ነው።

ውድ ወገኖቼ፣

ከእኛ መሐል በዚያ መንገድ መጥቶ በአንድ ሰው እጅ ያልታከመ፣ ያልተከተበ፣ ልጁ ያልተወለደለት የለም ማለት ይቻላል። ያ ሰው ምን ያህል ይከፈለው እንደነበር አልጠየቅንም፤ መጠየቅም የምንችልበት ሁኔታ አልነበረም። ዛሬ እንችላለን። የቀረበውን ዝርዝር ስትመለከቱ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን «ይህን የሚሠራበት ማነው? የሚከፈለውስ መቼ ነው?» ብላችሁ እንድትጽፉበት አደራ እላለሁ። መልስ ያልተገኘለትን ዕቃ አንግዛ።

 ማኅበራችንን ለ50ኛ ዓመቱ ያድርስልን።